ደብዳቤ የሚጠብቅ ደንበኛ፦ ከኢሜይል ዝርዝር ስለሚገኝ ገቢ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያና ላሊበላ ላይ ከሩቅ ገዢ ጋር የሚሠሩ ወጣቶችን ስለ ገበያቸው ብትጠይቋቸው፣ በመጀመሪያ የሚነግሯችሁ የቴሌግራም ቻናላቸውን ወይም የቲክቶክ ገጻቸውን ተከታይ ብዛት ነው። ሥራዬ ለእንዲህ ያሉ ነጋዴዎች በኢሜይል የሚላኩ ደብዳቤዎችን ማዘጋጀት ስለሆነ፣ ከዚህ ቁጥር ጀርባ ያለውን እውነተኛ ሽያጭ በቅርብ የማየት ዕድል አለኝ። ብዙ ተከታይ ያለው ሁሉ ብዙ ሲሸጥ አላይም። ዓመት ከዓመት ሳይቋረጥ ሲሸጥ የማየው «አዲስ ነገር ሲኖርህ ጻፍልኝ» ብሎ አድራሻውን በፈቃዱ የሰጠው ጥቂት ሰው ያለው ነጋዴ ነው። ዛሬ የምጽፈው ይህ ጥቂት ሰው እንዴት ገቢ እንደሚሆን፣ በተለይም ገዢው ባሕር ማዶ፣ ሻጩ ደግሞ ወሎ ተራራ ላይ በሆነበት ንግድ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ለምን ኢሜይል የሚለውን ላስቀድም። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገር አቀፍ ደረጃ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ሱቁን በሙሉ በቴሌግራም ቻናል ላይ የዘረጋ ሰው በእነዚያ አምስት ወራት ደንበኞቹን የሚያገኝበት መንገድ ሲጠብበት፣ የደንበኞቹ ኢሜይል በእጁ የነበረው ግን መጻፉን አላቋረጠም፤ ኢሜይል አልተዘጋምና። በዚያው ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ራሱ ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ሲቆይ፣ አብዛኛው ሰው ከዚህ ሆኖ ኢሜይል መላክም አልቻለም። በዚያን ጊዜም ቢሆን ዝርዝሩን አስቀድሞ በፋይል ያወጣ ነጋዴ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ደውሎ «ለደንበኞቼ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» የማለት አማራጭ ነበረው። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ቢታገድ ወይም ቢጠለፍ ተከታዩም አብሮ ይሄዳል። የአድራሻ ዝርዝር ግን የሚልክልህን ኩባንያ ብትቀይርም፣ ኮምፒውተርህ ቢሰበርም፣ ከተማ ብትለቅም የአንተው ሆኖ ይቆያል።

ይህን ስል ኢሜይል ለሁሉም ንግድ ይሆናል ማለቴ አይደለም። አገር ውስጥ ብዙ ሰው የጂሜይል አድራሻ የከፈተው አዲስ ስልክ ሲገዛ ስልኩ ስለጠየቀው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከፍቶትም አያውቅ፣ የይለፍ ቃሉንም ረስቶታል። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ላይ ልብስ የሚሸጥ ሰው ለከተማው ደንበኞቹ ኢሜይል ቢጽፍ ድካሙ ለከንቱ ነው፤ ለእሱ የስልክ ቁጥር ዝርዝርና አጭር የጽሑፍ መልእክት ይበልጥበታል። ኢሜይል የሚያዋጣው ገዢው በየቀኑ ኢሜይሉን የሚከፍት ሲሆን ነው፤ ይኸውም የውጭ አገር ገዢ፣ በውጭ የሚኖር ወሎዬ፣ የድርጅት ሠራተኛ፣ ተመራማሪ፣ የቱሪስት እንግዳ።

በቅርብ ከማውቃቸው ሥራዎች አንዱን ላሳያችሁ። የደላንታ ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወገልጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ፣ የወሎ ስም በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ የታወቀ ሆኗል፤ ገዢዎቹ ድንጋዩን «ወሎ ኦፓል» ብለው ነው የሚጠሩት። ቆፋሪዎቹ በገደል ወገብ ላይ ጠባብ ዋሻ እየቦረቦሩ፣ ነፍሳቸውን አስይዘው የሚያወጡት ነው። ደሴ ላይ ይህን ድንጋይ ቆርጦና ወልውሎ የሚያዘጋጅ አንድ ወጣት ነጋዴ አለ። ገዢዎቹ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ጌጣጌጥ ሠሪዎችና ሰብሳቢዎች ሲሆኑ፣ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ሰዎች በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ቢሰበሰቡ ወንበር የሚያጡ አይደሉም። የሚበላው ግን ከእነሱ ነው።

ደብዳቤው በየሁለት ሳምንቱ ይወጣል። አንድ ደብዳቤ ስለ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ይህን የወሰነው እሱ ራሱ ነው፤ እኔም ከብዙ ባለሙያ ምክር የሚሻል ውሳኔ ይመስለኛል። በመጀመሪያ ድንጋዩ ደርቆ ሳለ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ፎቶ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ያው ድንጋይ ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ የተነሳ ሌላ ፎቶ አለ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲነከር ብርጭቆ መስሎ የቀለሙ ጨዋታ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ገዢ ቀለበቱን አድርጎ እጁን ታጥቦ ድንጋዩ መልኩን ሲቀይርበት ተታለልኩ ብሎ ይጮኻል። ነጋዴው ግን ከመሸጡ በፊት በፎቶ አሳይቶ፣ ሽቶና ዘይት እንዳይነካው፣ ውሃ ከነካውም በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ እንዲታገሱት ያስረዳል። ከዚያ ክብደቱን በካራት፣ ካለበትም ስንጥቁን በምን በኩል እንደሆነ፣ በመጨረሻም ዋጋውን ይጽፋል። ድንጋዩ ለሌላ ገዢ በይፋ ከመቅረቡ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የዝርዝሩ አንባቢዎች እንዲያዩት ይደረጋል። ለአድራሻቸው ምላሽ የሚያገኙት ዋናው ጥቅም ይኸው የቀዳሚነት መብት ነው።

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ብዙ መልስ ያስገኘለት ምንም ያልተሸጠበት ደብዳቤ ነበር። ኦፓሉ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ በጭስ አጥቁረው የተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። እሱም ይህ እንዴት እንደሚሠራ፣ ገዢው በምን እንደሚጠረጥር፣ እሱ የሚሸጠው ድንጋይ ያልታከመ መሆኑን፣ ታክሞ ቢሆን ደግሞ እንደሚናገር በዝርዝር ጻፈ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ድንጋይ ሲልክላቸው ብዙ ሳይጠይቁ የሚገዙት እነዚያ መልስ የጻፉለት ሰዎች ናቸው። ከዝርዝር ገንዘብ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ገዢው ድንጋዩን በእጁ ይዞ ማየት ስለማይችል ሰውየውን ይገዛል፤ ሰውየውን የሚያውቀው ደግሞ በደብዳቤው ነው።

ሒሳቡን እንየው። እንበልና 200 አንባቢዎች አሉ፤ ግማሾቹ ደብዳቤውን ያነቡታል፤ ከእነሱ ሦስቱ እያንዳንዳቸው የ150 ዶላር ድንጋይ ይገዛሉ። ከአንድ ደብዳቤ 450 ዶላር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለምሳሌ ያህል የተቀመጠ ነው፤ ነገር ግን ውድና ብዛት የሌለው ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ሒሳቡ ለምን በትንሽ ዝርዝር እንደሚሠራ ያሳያል። በርካሽ የሚሸጥ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ በኢሜይል የሚላክ አነስተኛ መማሪያ፣ እጅግ ብዙ አንባቢ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከወሎ የሚነሳ ሰው፣ የእጅ ሥራም ይሁን ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም ማር፣ ወይም የማሲንቆ ትምህርት፣ ጥቂት ሰው በጥሩ ዋጋ የሚገዛውን ነገር ቢያስቀድም እመርጣለሁ።

ሌሎቹን የገቢ መንገዶች በአጭሩ ልለፋቸው። የሌላን ሰው ዕቃ አስተዋውቆ ከሽያጩ ኮሚሽን መውሰድ ይቻላል፤ ለዚህ ግን ዕቃውን ራስህ የምታውቀው መሆን አለበት፤ ኮሚሽን እንደምታገኝም ለአንባቢ መንገር ይገባል። በውጭ ለሚኖሩ ወሎዬዎች የሚጻፍ ደብዳቤ ከሆነ ሆቴል፣ የጉዞ ወኪል ወይም የቤት ሻጭ ማስታወቂያ ሊከፍልበት ይችላል። እኔ በአንድ ደብዳቤ ከአንድ ማስታወቂያ በላይ አልመክርም፤ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ሲመጣ ደግሞ ሰነዱን ሳያዩ መቀበል አደገኛ ነው፤ ገንዘቡን ከባሕር ማዶ ልኮ ቤቱን ያላገኘ ወገን የሚጠይቀው ሻጩን ብቻ አይደለም።

አሁን ደጋግሞ ወደሚቀርብልኝ ጥያቄ ልምጣ። በቅርቡ ሥራ የጀመረ አንድ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ አሥር ሺህ ኢሜይል ያለበት ፋይል የሚሸጥልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ አንቱ ምን ይሉኛል፣ ልግዛው?» አለኝ። «አብሽር ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታውጣ» ብዬ ምክንያቱን አስረዳሁት፤ እዚህም ልድገመው። በፋይሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች አንተን አያውቁህም፤ ደብዳቤህን ሲያዩ «ስፓም»፣ ማለትም ያልተፈለገ መልእክት፣ የሚለውን ይጫናሉ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በብዛት በሚልኩ ሰዎች ላይ ደንባቸውን አጥብቀዋል፤ ላኪው የዶሜይኑን (በኢሜይል አድራሻው ከ@ በኋላ ያለውን ስም) ማንነት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ በሚባሉት ማረጋገጫዎች ማሳየት፣ አንድ ጊዜ ብቻ በመጫን ከዝርዝሩ መውጫ ማስቀመጥ፣ የስፓም አቤቱታውንም ከ0.3 በመቶ በታች መያዝ አለበት። ይህ ማለት ከ1,000 ደብዳቤ 3 ሰዎች እንኳ ቢያማርሩ አደጋ ላይ ነህ። አንድ ጊዜ ስምህ ከተበላሸ በኋላ፣ በፈቃዳቸው ለተመዘገቡት ሰዎች የምትልከው ደብዳቤም ማንም ወደማያየው ወደ ስፓም ሳጥን ይገባል። በተገዛ ዝርዝር የሚጠፋው የገዛህበት ብር ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ያፈራሃቸው አንባቢዎችም አብረው ይጠፋሉ።

ሰው ሳይጠይቅ የሚላክ የንግድ ኢሜይል ያስቆጣል የሚለው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጋሪ ቱርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ሰው የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት መረብ ላይ ለነበሩ 400 ያህል ሰዎች የኮምፒውተር ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ሲልክ፣ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ወደ ሕዝብ ሳይደርስ ገና፣ ተቀባዮቹ ቁጣቸውን አሰምተዋል። ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ የአሜሪካው ሕግም ከዝርዝሩ ልውጣ ያለን ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማስወጣትንና በደብዳቤው ላይ የፖስታ አድራሻ ማስቀመጥን ያዛል። ደሴ ተቀምጠን ስለ ውጭ ሕግ ምን አገባን የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የምንጽፍላቸው ሰዎች በዚያ ሕግ ሥር ነው የሚኖሩት፤ የምንልክበት ኩባንያም በዚያው ሕግ ተገድዶ ሒሳባችንን ሊዘጋው ይችላል።

ታዲያ አድራሻ ከየት ይመጣል? ከሥራው ይመጣል። ለዚህ የላሊበላን አንድ አስጎብኚ እጠቅሳለሁ። እንግዶቹን አየር ማረፊያ ሲሸኝ ደብተር አውጥቶ «በዓል ሲደርስ ደብዳቤ ልጻፍልዎት?» ይላል፤ ፈቃደኛ የሆነው በራሱ እጅ ስሙንና ኢሜይሉን ይጽፋል። የሰው የእጅ ጽሑፍ አንዳንዴ ስለማይነበብ እዚያው ፊደል በፊደል ያረጋግጣል። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የተሳሳተ አድራሻ የበዛበት ዝርዝር በኢሜይል ኩባንያዎች ዘንድ እንደ ስፓም ላኪ ስለሚያስቆጥር ጥንቃቄው ዋጋ አለው።

ከመጋቢት 2012 በኋላ ኮሮና፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ላሊበላን እንግዳ አልባ ሲያደርጋት፣ ያ ደብተር ነው ከሰዎቹ ጋር ያቆየው። መጻፍ በቻለ ጊዜ ሁሉ ስለ ገና በዓል፣ ቄሶቹና ካህናቱ በታኅሣሥ 29 ማለዳ በቤተ ማርያም ገደል አፋፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ሕዝቡ ከታች እንዴት እንደሚቀበል፣ ነጠላው ቅጥሩን እንዴት እንደሚያነጣው ይጽፍላቸው ነበር። ገንዘብ ላኩልኝ አላለም። ይህን በጣም አከብርለታለሁ፤ ችግሩ እውነተኛ ነበርና ቢጠይቅ የሚፈርድበት አልነበረም። ነገር ግን ለጉብኝት ደብዳቤ የተሰጠ አድራሻ ለልመና ሲውል አንባቢው ቀጣዩን ደብዳቤ ለመክፈት ይፈራል። እርዳታ መጠየቅ ካስፈለገ ራሱን ችሎ፣ ምክንያቱንና ተቀባዩን በግልጽ ለይቶ፣ ለዚያ ጉዳይ ብቻ በተጻፈ መልእክት መሆን አለበት። ሰላም ሲመለስ ወደ እሱ መጀመሪያ የመጡት እንግዶች የቀድሞ እንግዶቹ ወዳጆችና ዘመዶች ነበሩ፤ ደብዳቤዎቹን ለእነሱ ያስተላልፉላቸው ኖሯል። ለእንግዳ ፍለጋ ለሌላ ወኪል የሚከፍለው ኮሚሽን በዚህ ቀርቶለታል። ገቢ ሲባል ወደ ኪስ የሚገባው ብቻ አይደለም፤ ሳይወጣ የቀረውም ይቆጠራል።

ስለ ልኬት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ደብዳቤው ምን ያህል እንደተከፈተ የሚያሳየውን መቶኛ ሲያይ ይደሰታል ወይም ይከፋል። አፕል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት በአይፎን የሚቀበሉ ብዙ ሰዎች ደብዳቤውን ባይከፍቱትም የተከፈተ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ እኔ የማምነው መልስ የጻፈውን ሰው፣ ሊንኩን የተጫነውንና የገዛውን ነው። ከእነዚህም መልስ የሚጽፈውን አስበልጣለሁ፤ የጻፈ ሰው ውሎ አድሮ ይገዛል።

ከባዱ ነገር ገንዘቡን መቀበሉ ነው። ስትራይፕ የሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ አስተላላፊ ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተቋቋመ ንግድ አገልግሎት አይሰጥም። ሰብስታክ የሚባለው፣ ለደብዳቤ በየወሩ የሚከፈልበትና ከገቢው 10 በመቶ የሚወስደው መድረክ ደግሞ ክፍያውን የሚያስተላልፈው በስትራይፕ በኩል ስለሆነ፣ በሌላው ዓለም ጸሐፊዎች የሚተዳደሩበት የወርሃዊ ክፍያ መንገድ ለእኛ በቀጥታ ክፍት አይደለም። ዕቃ ለሚሸጥ ሰው የባንክ ዝውውር አለ፤ ኦፓልን የመሰለ ማዕድን ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ የላኪነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ፈቃድ ባለው ላኪ በኩል መሥራት ይኖርበታል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩን በባንክ ማስገባት ከቀድሞው ይበልጥ የሚያዋጣ ሆኗል፤ በሰው ሻንጣ ዕቃ ልኮ ገንዘቡን በጎን መቀበል ግን ትርፍ ቢመስልም በንግድ መዝገብ ላይ ስለማይታይ፣ ነገ ብድር ሲፈለግ ባዶ እጅ ያስቀራል። ለአገር ውስጥ አንባቢ በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብር በቂ ነው፤ የሒሳብ ቁጥሩንም በደብዳቤው ግርጌ ማስቀመጥ ይቻላል። በሁለቱም መንገድ የሚገባው ገንዘብ የንግድ ገቢ ነው፤ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል።

ዝርዝሩን ማጽዳትና መጠበቅ ሌላው የዘወትር ሥራ ነው። ለረጅም ጊዜ ምንም ምላሽ ያልሰጡ ሰዎችን «አሁንም ልጻፍልዎት?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ፣ ዝም ካሉም ማውጣት ይገባል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ይቆጫል፣ የቀሩት ግን ደብዳቤው በትክክል ይደርሳቸዋል። የዝርዝሩን ፋይል በየወሩ ከኢሜይል ኩባንያው አውርዳችሁ በይለፍ ቃል ቆልፋችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ በእናንተ ዘንድ፣ ሌላው ኔትዎርክ በማይቋረጥበት ከተማ በሚኖር በምታምኑት ሰው እጅ ይሁን። ለዚያ ሰው አስቀድማችሁ አንድ አጭር ደብዳቤ ጽፋችሁ ስጡት፤ ደብዳቤውም ግንኙነት እንደተቋረጠ፣ የተከፈለበት ዕቃ የት እንደደረሰ የሚጠየቅበትን ስልክ፣ ግንኙነቱ ሲመለስም ራሳችሁ እንደምትጽፉ የሚናገር ይሁን። ገዢው ከፍሎ እየጠበቀ ሳለ ከወሎ ድምፅ ቢጠፋ፣ ያ ደብዳቤ በማግስቱ መላክ አለበት።